ፒያሳ የማን ናት? (ስለ አርመኖቹ ጊዮርጊስ እና ስለ እድራችን)

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበረው። "የሰፈራችን" የምለው ከልማድ ነው እንጂ ሰፈሩስ የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ የእኛም መንደር አብሮ ፈረሰ፣ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እድሩ ግን እስካሁን አለ። የስብሰባው አጀንዳም አንድ ብቻ ነበር፦ እድሩ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ?

ይፍረስ ያሉት ሰዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ምክንያት አላቸው። ከከተማው አንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለቅሶ መድረስ ያደክማል። የታክሲው ብር ከወር መዋጮው በልጧል። ድንኳኑን የምናስቀምጥበት ቤት እንኳ የለንም፣ አሁን በአንድ አባል በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ስለዚህ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ይሸጥ፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ለአባላት ይከፋፈል፣ ሁሉም በሄደበት አዲስ እድር ይግባ ነው የሚሉት። ክርክሩ ስለጦፈ ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ።

ስንወጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደረሰብኝ። የሞቱትን አባቱን ተክቶ የእድሩ አባል ነው። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁንም ነው። እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ ፒያሳ እኮ ድሮም የፈረንጅ ሰፈር ናት። ስሟ ራሱ የጣልያን ነው። ፈረንጆቹ ሠሩት፣ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ አሁን ደግሞ እኛ ሄድን። ምን የተለየ ነገር አለው?"

ምን ብዬ እንደምመልስለት አላወቅኩም። ታክሲ መጣለት፣ ሄደ። እኔ በእግሬ አራዳን ዞር ዞር ስል ቆየሁና የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋ ቆምኩ። ያኔ ነው መልሱ የመጣልኝ፤ ልጁ ግን ሄዷል። ይሄ ጽሑፍ ለሱ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። አዎ፣ "ፒያሳ" የጣልያን ቃል ነው። ግን ስሙ ከመምጣቱ በፊት ቦታው አራዳ ነበር፣ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ። እዛ ገበያ ላይ የጉራጌው ነጋዴ፣ የሸዋው ገበሬ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ አረብ ጎን ለጎን ነበር የሚነግዱት። ጣልያን ሲገባ ያደረገው ምንድን ነው? ገበያውን "ለአገሬው ሰው" ብሎ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረና አራዳን ለነጭ ለየው። ስለዚህ "ፒያሳ የፈረንጅ ናት" የሚለው ሐሳብ የአያቶቻችን ሐሳብ አይደለም። የፋሺስት የከተማ ፕላን ነው። ልጁ ሳያውቅ የደገመው እሱን ነው። (ክፍል ውስጥ ይሄን በደንብ አላስተማርኩትም ማለት ነው፣ ጥፋቱ የኔም ነው።)

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልመለስ። ፒያሳ አካባቢ "ጊዮርጊስ" ሲባል ሁላችንም የምናውቀው አራዳ ጊዮርጊስን ነው፤ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸውን ስምንት ማዕዘን ካቴድራል። (እሱንም ቢሆን ፕላኑን ያወጣው ኦርፋኒዲስ የሚባል ግሪክ ነው፣ ግንባታውን የመራው ደግሞ ካስታኛ የተባለ ጣልያናዊ መሐንዲስ። ጣልያንን ያሸነፍንበትን መታሰቢያ ጣልያን ሠራው፤ ይሄን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ሁሌ ይስቃሉ።) አራዳ ውስጥ ግን ሌላ ጊዮርጊስ አለ። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን። በነሱ አፍ "ሱርፕ ኬቮርክ" ይባላል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ሾጠጥ ያለ ጉልላት ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ነው የተሠራችው። እኔ ልጅ ሆኜ በአጥሯ በኩል ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ፣ ግን ለረጅም ጊዜ የአንድ ኤምባሲ ግቢ ይመስለኝ ነበር።

አርመኖች ኢትዮጵያ የመጡት ትናንት አይደለም። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲልኩ መልእክተኛ ያደረጉት ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ብዙ ተንገላቷል። ሕንድ ላይ የነበሩት ፖርቱጋሎች ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት፣ ሊዝበን ደርሶ ሲመለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለምን አርመን ተመረጠ? ምክንያቱ ቀላል ነው። አርመኖች ነጋዴዎች ስለሆኑ መንገዱን ያውቁታል፣ በዛ ላይ ሃይማኖታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ካልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት ወገን ናቸው። ከግብጽ፣ ከሶርያ፣ ከሕንድና ከእኛ ጋር እህትማማች። ኢየሩሳሌም ላይ የእኛ መነኮሳት ችግር በጠናባቸው ዘመናት ከአርመኖቹ ገዳም እንጀራ ሲበሉ ኖረዋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡት ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። የአርመን የቤተሰብ ስም መጨረሻው "ያን" ነው፣ "የእገሌ ወገን" እንደማለት። ከፊቱ ያለው ብዙ ጊዜ ሙያ ነው። ቴርዚያን "የልብስ ሰፊው"። ቦያጂያን "የቀለም ነካሪው"። ናልባንዲያን "የፈረስ ጫማ መቺው"። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስማቸውን ሳነብ የሰፈር ሰው ስም እንጂ የባዕድ ስም አይመስለኝም፤ እኛም ጋ "የአንጥረኛው ልጅ"፣ "የሸማኔው ልጅ" እየተባለ አይደል የሚጠራው?

ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ መሣሪያ ያስመጣ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያውን የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውም እሱ ነው፤ ሕዝቡ "የሰርኪስ ባቡር" ያለው። አያቴ አንድ ወፍራም ሰው ሲያልፍ "የሰርኪስ ባቡር መጣ" ትል ነበር፣ ሰርኪስ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም የአባታቸውን ሥራ ይዘው ቤተ መንግሥት ቀጥለዋል። እነዚያ በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ የምታዩአቸው የድሮ የነገሥታት ፎቶዎች ብዙዎቹ በዚህ ቤተሰብ እጅ የተነሱ ናቸው። ዲክራን ኤበያን ደግሞ ወርቅ ሠሪ፣ ዘውድ ሠርቷል። በኋላ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት መጣ። እሱም የአርመኖች ነው። ቤታችሁ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ካለ ገልጣችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ግርጌ እዩት። ዳርማር ጫማም የነሱ ነበር፣ በኋላ አንበሳ ጫማ የሆነው።

ግን የቤተ ክርስቲያኗ ታሪክ የሀብታሞቹ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር።

በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት ውስጥ በአርመኖች ላይ የዘር ጭፍጨፋ ተጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተረፉ ሕፃናት በየገዳሙና በየወላጅ አልባ ማሳደጊያው ተጠራቅመው ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዛ የአርመን ገዳም ውስጥ እነዚህ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሟቸው። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር።

ይሄን ክፍል ሳስተምር ሁሌ ቆም እላለሁ። አስቡት፤ ዕድሜያቸው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ነው። እናትና አባት የላቸውም። አገራቸው የለም። የማያውቁት አገር ባቡር ጣቢያ ላይ ወርደው የሌላ ሕዝብ ንጉሣዊ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፣ ግጥሙን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተሰማው ያ ነው፤ እስከ አብዮቱ ድረስም አገራችን በሱ ስትጠራ ኖራለች። አገር የተነጠቀ ሰው ነው እንግዲህ ለእኛ አገር መዝሙር ዜማ የሰጠው። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን በበኩሉ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ብዙ የአገራችን ሙዚቀኞችን አስተምሯል። የዘመናዊ ሙዚቃችን ወርቃማ ዘመን እያልን የምናወራውን ነገር ያለሱ ማውራት አይቻልም።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች፣ አንዳንዱ ሀብታም፣ አንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ፣ አራዳ ላይ ምን አደረጉ? ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ኬቮርኮፍ የሚባለው፣ በማቲግ ኬቮርኮፍ በተባለው ነጋዴ ስም የተሰየመው። ክበብ አቋቋሙ፤ ፒያሳ ያደግን ሁሉ የምናውቀው አራራት ክበብ። የመቃብር ቦታ ያዙ። ያው አራት ነገር ነው፦ የሚቀደስበት፣ ልጅ የሚማርበት፣ የሚበላና የሚጨፈርበት፣ የሚቀበሩበት። ልብ በሉ፣ ይሄ አንድ ሰበካ ነው። አባሉ መንግሥት አይደለም፣ ሠራዊት የለውም፣ መሬትም ቢሆን በስጦታና በግዢ ያገኘው ነው። ግን ማን ተወለደ፣ ማን ተጠመቀ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን ሞተ የሚለውን ይመዘግባል። መንደራቸው በጠፋበት፣ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተቃጥሎ ባለቀበት ዘመን አዲስ አበባ ላይ አዲስ መዝገብ ከፈቱ ማለት ነው።

ይሄ የአርመን ብቻ ጠባይ አይደለም፣ የስደተኛ ሁሉ ነው። ስለ አሜሪካ ስደተኞች ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በክሊቭላንድ ከተማ ብረታ ብረት ፋብሪካ ለመሥራት የሄዱ የሃንጋሪ ካቶሊኮች ነበሩ። ብዙዎቹ "ጥቂት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብለው ነው የሄዱት (ይሄ አባባል የምታውቁት ይመስለኛል)። በ1892 እ.ኤ.አ. የቅድስት ኤልሳቤጥ ዘሃንጋሪን ደብር መሠረቱ፤ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የሃንጋሪዎች የካቶሊክ ደብር። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በከተማው ጠፍቶ አይደለም። ቅዳሴውም ያኔ የትም ቢሆን በላቲን ነው። ግን ስብከቱን በገዛ ቋንቋቸው መስማት ፈለጉ፣ ኃጢአታቸውንም በገዛ ቋንቋቸው መናዘዝ። ሰው በባዕድ ቋንቋ ዕቃ መግዛት ይችላል፣ ኃጢአቱን መናገር ግን ያቅተዋል። በኋላ ልጆቻቸው ከተማውን ለቀው ወደ ዳር ዳሩ ሲወጡ ሰፈሩ ሌላ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቀረ።

ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ያደረጋችሁት ሌላ ነው? መጀመሪያ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራያችሁ፣ ቀጥሎ ገንዘብ አዋጥታችሁ ቤት ገዛችሁ፣ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ ታስቆጥራላችሁ፣ ጥምቀትን ፓርክ ውስጥ ታከብራላችሁ። ፎቶአችሁን አያለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት አራዳ ላይ የነበረ አንድ አርመን ጫማ ሠሪ ያንን ፎቶ ቢያይ ወዲያው ይገባው ነበር። ሌላው ቀርቶ ቅዳሴያቸውም እንደኛ ነው፤ እኛ ግእዝ እንዳለን እነሱ ግራባር የሚባል የጥንት አርመንኛ አላቸው፣ ቤት ውስጥ የማይነገር፣ መቅደስ ውስጥ የሚኖር። ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 ነው የሚያከብሩት። የኛ ገና ዋዜማ ማለት ነው። እኛ ዶሮ ስንገነጥል እነሱ ጋ በዓሉ ገብቷል። በ1957 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ የአምስቱ እህት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የአርመኖቹ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገን በአካል መጥተው ነበር።

አሁን ነገሩን ላለማሳመር አንዳንድ ነገር ልበል። አርመኖች መላእክት አልነበሩም። ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ነበር የሚጋቡት፣ ልጃቸው ሐበሻ ሲያገባ ደስ የማይላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ከቤተ መንግሥት ጋር በነበራቸው ቅርበት ሌላው ያላገኘውን ዕድል አግኝተዋል። መሣሪያ ሸጠዋል። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ አርመን፣ ተላላኪው የእኛ ልጅ ነበር፤ ይሄን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በምሬት ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ምሬታቸውም ውሸት አይደለም። ስለዚህ "ወርቃማዋ ፒያሳ" እያሉ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ የሚያለቅሱት ጋ አልስማማም። የፈረሱት ቤቶች ውስጥ ሽንት ቤት በአሥር አባወራ የምንጋራ ሰዎች ነበርን። እናቴ አሁን ውሃዋ ቤቷ ድረስ ስለሚመጣ ታመሰግናለች። እኔም አመሰግናለሁ።

ግን አንድ ሕዝብ ተቀላቅሎ እስኪጠፋ አልኖረም ብሎ "ፈረንጅ" ማለት ልክ አይደለም። ሦስት ትውልድ እዚህ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተሳድቦ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው ፈረንጅ ከተባለ እኔ ምን እንደምባል አላውቅም።

ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ከዛ በፊትም ፋብሪካዎቹና ማተሚያ ቤቶቹ ሲወረሱ ብዙዎቹ ሄዱ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ። በ1950ዎቹ ማኅበረሰቡ ወደ 1,200 ሰው ደርሶ ነበር ይባላል። ዛሬ መቶም አይሞሉም። ቤተ ክርስቲያኗ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ቄስ ሳይኖራት በዲያቆን ስትጠበቅ ኖራለች። አስቡት ደግሞ፤ ቄስ ሳይኖር፣ ሰው ሳይሞላ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር በሩን መክፈት፣ መብራቱን ማብራት፣ ዜማውን ብቻውን ማዜም። ሚያዝያ 16 ሲደርስ የ1907ቱን ሰማዕታት ማሰብ። ለማን ብሎ ነው የሚያደርገው? የኔ ግምት፣ ከቦስተን ወይ ከሲድኒ አንድ የልጅ ልጅ መጥቶ "አያቴ እዚህ ነው የተጠመቀችው" ሲል በሩ ዝግ እንዳይሆን ነው።

እንግዲህ ወደ እድራችን።

የድሮው ጸሐፊያችን ዓይናቸው ሲደክም "አስተማሪ ነህ፣ ጽሕፈትህ ያምራል" ተብዬ መዝገቡ ለኔ ተሰጥቶኛል። እኔ እንግዲህ ዲፕሎማ ያለኝ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን ያ መዝገብ ከማስተምርበት መጽሐፍ የማይተናነስ የታሪክ ሰነድ ነው። ከስብሰባው በኋላ የዛን ቀን ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ገለጥኩት። ማን መቼ ገባ፣ ማን ስንት ከፈለ፣ ለማን ለቅሶ ድንኳን ተተከለ። የእናቴ ስም የገባው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። በ1960ዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ መጨረሻው "ያን" የሆነ ስም አገኘሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ቤተሰቡ አያውቀኝም። ከጎኑ "ጫማ ሠሪ" ይላል። ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን እኩል በየወሩ ከፍሏል፣ ለጎረቤት ለቅሶ ተዋጥቷል። 1968 ላይ ክፍያው ይቆማል። በቀይ እስክሪብቶ "ወደ ውጭ አገር ሄደ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ወጪ የሆነ ገንዘብ አለ፣ "ለሽኝት" ይላል።

ሸኝተውታል ማለት ነው! ለቅሶ እንጂ ሽኝት በእድር ደንብ የለም። ግን አደረጉት።

ወንድሜ ሆይ፣ ያልመለስኩልህ ይሄንን ነው። ፒያሳን ፈረንጅ ሠርቷት ፈረንጅ ትቷት የሄደች አድርገህ ነው የነገርከኝ። መዝገቡ እንደዛ አይልም። መዝገቡ የሚለው አንድ አርመን ጫማ ሠሪና አንዲት ጠላ ሻጭ እኩል መዋጮ ከፍለው አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል ነው። "ምን የተለየ ነገር አለው?" ላልከኝም ልዩነት አለው። አርመኖቹ ሲበተኑ ቢያንስ በሩ የሚከፈት ቤተ ክርስቲያን፣ የተጻፈ መዝገብ፣ ስም የተቀረጸበት መቃብር ትተው ነው። የልጅ ልጃቸው ተመልሶ የሚያንኳኳው ነገር አለ። እኛስ? ቤታችን የቀበሌ ነበር፣ ፈረሰ። አጥቢያችን አለ፣ ግን የሁሉም ነው፣ የእኛን መንደር ለብቻ አያውቅም። ያቺ መንደር መኖሯን የሚያውቅ አንድ ድርጅት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም እድሩ። እሱን ደግሞ በስብሰባ እጅ አውጥተን ልናፈርሰው ነው፤ ማንም ሳያስገድደን።

መራራቁ እንደሚያደክም አውቃለሁ፣ እኔም በሁለት ታክሲ ነው የምመጣው። ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ ይዤ የምመጣው ሐሳብ ይሄ ነው። ለቅሶ መድረስ ለሁሉም ግዴታ መሆኑ ይቅር፤ በአራት በአምስት አካባቢ እንከፋፈልና ለሟች ቅርብ የሆነው ቡድን ይድረስ፣ ሌላው በስልክ ይላክ። ወንበሩና ድስቱ ይሸጥ ካላችሁ ይሸጥ፣ አልከራከርም፣ ማከራየት በየቦታው ሞልቷል። ድንኳኑ ግን አይሸጥ። ገንዘቡም አይከፋፈል፤ ተካፍሎ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የአንድ ወር አስቤዛ አይሞላም። ከሱ ላይ ጥቂት ወጪ ተደርጎ መዝገቡ ፎቶ ይነሳ፣ ይባዛ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ቅጂ ይሰጥ። በዓመት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዕለት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሁላችንም ፒያሳ እንገናኝ። ቦታ ካጣን አራዳ ጊዮርጊስ አጸድ ሥር እንቀመጣለን፣ እዛ የሚያባርረን የለም።

እናቴ ስብሰባው ላይ አልነበረችም፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏት። ማታ ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። "እዚህ ፎቅ ላይ ጎረቤቶቼ ጥሩ ናቸው፣ ቡና ይጠሩኛል። ግን የወለድኳቸውን እንጂ የቀበርኳቸውን አያውቁም" አለችኝ። ሁለት ወንድሞቼ በልጅነታቸው ነው የሞቱት። ድንኳኑ ለነሱም ተተክሏል፣ ቀኑ መዝገቡ ላይ አለ።

ስብሰባው የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ቦታው ያው የባለፈው። አባል የሆናችሁ ወይም ወላጆቻችሁ አባል የነበሩ፣ ውጭ ያላችሁም ጭምር፣ ሙሉ ስም ከነአባትና አያት፣ የድሮውን የቤት ቁጥር ካስታወሳችሁ እሱን ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አዲሱን ገጽ ጀምሬዋለሁ፣ እስካሁን 31 ቤተሰብ ገብቷል።